የአዲስ አበባ ጎዳናና የእግረኛ መንገድ፦ ለማን፣ በማን ፈቃድ፣ እስከ መቼ?

(ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤያት ተወካዮች በተዘጋጀ የምክክር መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ርእስ ከመካከላችሁ አንዳንዶቹን ሳያስገርም እንደማይቀር እናውቃለን። ስለ ምንጭ ማጎልበት፣ ስለ መስኖ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ደኖች፣ ስለ ተፈናቃዮች መልሶ ማቋቋም ስንናገር መስማት ለምዳችኋል፤ ዛሬ ግን የቆምነው ስለ እግረኛ መንገድ ልንናገር ነው። በአጥራችን ግንብና በአስፋልቱ መካከል ስላለችው፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ሜትር እንኳ ስለማትሞላው ጠባብ ምድር። ይህችን ርእስ የመረጥናት በከተማ ውስጥ የምንሠራቸው ሥራዎች ዞረው ዞረው እዚያችው ላይ ሲያርፉ ስላየን ነው።

ወር በገባ በ21ኛው ቀን ጧት ከአዲስ አበባ አድባራት ወደ አንደኛው በር ብትመጡ የምታዩት ለሁላችሁም የታወቀ ነው። ጧፍና ሻማ የሚሸጡ እናቶች ማዳበሪያ አንጥፈው በሁለት ረድፍ ተቀምጠዋል። ከእነርሱ ቀጥሎ ዕጣን፣ ነጠላና የጸሎት መጻሕፍት የሚሸጡ አሉ። ለገጠር ቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ጃንጥላ ዘቅዝቀው የሚለምኑ፣ በግንቡ ጥግ የተደረደሩ ነዳያን፣ ሣጥናቸውን ያስቀመጡ ሊስትሮዎች አሉ። ለማስቀደስ የመጡት ባለ መኪኖች ሁለቱን ጎማ ከጠርዙ ላይ አውጥተው አቁመዋል። የጥግ ባለ ሱቁ የለስላሳ ማቀዝቀዣውን ወደ ውጭ ገፍቶ፣ ፊቱን በሸራ ጋርዶ፣ ሦስት የፕላስቲክ ወንበር ደርድሯል። ከማዶ ሕንፃ የሚያሠራው ሰው አሸዋውንና ፌሮውን ከቆርቆሮ አጥሩ ውጭ አራግፏል። በዚህ ሁሉ መካከል አንዲት አሮጊት እናት ምርኩዛቸውን ይዘው ሲመጡ የሚረግጡበት ያጣሉ፤ ወደ አስፋልቱ ወርደው ከሚኒባሶቹ ጋር እየተጋፉ ይሄዳሉ።

እያንዳንዱን ብትጠይቁት ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም እውነት ነው። ጧፍ ሻጯ ልጆቿን የምታበላው በዚያ ነው። ባለ መኪናው ሌላ ማቆሚያ አላገኘም። ባለ ሱቁ ኪራይ ከብዶበታል። ሕንፃ አሠሪው ግቢው በሙሉ ተቆፍሮበታል። አሮጊቷ ብቻ ምክንያት አልተጠየቁም፤ መንገዱ ግን የተሠራው ለእሳቸው ነበር።

ከአዲስ አበባ ዕለታዊ ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር የሚደረግ ነው። በከተማዋ በትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት ሰዎችም የሚበዙት እግረኞች ናቸው። እነዚህን ሁለት ነገሮች አጠገብ ለአጠገብ ስናስቀምጣቸው ስለ እግረኛ መንገድ መነጋገር ስለ ሕይወትና ስለ ሞት መነጋገር መሆኑ ይገለጥልናል።

ከተማችን እዚህ እንዴት ደረሰች? አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መንገድ ቀይሳ፣ ቤት በመስመር አሰልፋ አልተነሣችም። ቤተ መንግሥቱ በጉብታው ላይ ተተከለ፤ መኳንንቱና ሠራዊታቸው በየአቅጣጫው ሰፈሩ፤ ሰፈር የሚለው ስማችን ራሱ ከዚያ የመጣ ነው። መንገዱ ሰው ከሰፈር ወደ ሰፈር፣ ከሰፈር ወደ ገበያና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለስ ኋላ የተረገጠ ነው። ታላቁ ገበያም በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። ስለዚህ ገበያው በቤተ ክርስቲያን ደጅ መቀመጡ የዛሬ ደንብ አስከባሪዎች ያገኙት አዲስ ጥፋት አይደለም፤ ከከተማይቱ ጋር የተወለደ ነገር ነው። ገበያውን ከአራዳ አንሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ያዛወረው የጣልያን ወራሪ ሲሆን፣ ያም የተደረገው ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት በታሰበ የከተማ ፕላን መሠረት ነው። ገበያተኛን ከመሐል ከተማ ማራቅ በአገራችን የጀመረው እንዲህ ባለ ሐሳብ መሆኑን ማስታወስ አይከፋም።

ከዚያም ወዲህ ከተማው ራሱ በጎዳና ዳር ቦታ ሲሰጥና ሲነሣ ኖሯል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ለሥራ ፈላጊ ወጣቶች በየመንገዱ ዳር የተተከሉትን፣ ሕዝቡ በጊዜው ከንቲባ ስም «የአርከበ ሱቅ» ብሎ የጠራቸውን አነስተኛ ሱቆች ከመካከላችን ብዙዎች ያስታውሷቸዋል። መንግሥት ሠርቶ ሰጣቸው፤ ብዙዎቹም ኋላ መንገድ ሲሰፋ ፈረሱ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የእሁድ ገበያ ተብሎ አስፋልቱ ላይ ድንኳን ተተክሎ ሽንኩርትና ጤፍ ይሸጣል፤ ሰኞ ሲነጋ አስፋልቱ ወደ መኪናው ይመለሳል። ይህን የምንጠቅሰው «ጎዳና መሸጫ አይደለም» የሚለው አነጋገር እንደ ሕግ ሲነገር ስለምንሰማ ነው። ከተማው ራሱ በጎዳና ላይ ያሸጣል። ጥያቄው መሸጥ ይቻላል ወይ ሳይሆን ማን፣ የት፣ ለስንት ሰዓት የሚለው ነው።

ወደ ሕጉ እንለፍ፤ በዚህ ላይ ብዙ አንቆይም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መንገዶችንና ጎዳናዎችን ለሕዝብ አገልግሎት ከተመደቡ ንብረቶች መካከል ይቆጥራቸዋል። እንዲህ ያለ ንብረት በዚህ አገልግሎት ላይ እስካለ ድረስ አይሸጥም፤ ሰው ለረጅም ዘመን ስለተቀመጠበትም የእሱ አይሆንም። አያቴ እዚህ ቆሎ ትሸጥ ነበር ማለት ልብ የሚነካ ታሪክ ነው፤ የይዞታ ማስረጃ ግን አይሆንም። ደብራችን አጥሩን ወደዚህ ያወጣው ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው ማለትም እንዲሁ ማስረጃ አይሆንም፤ ወደዚህ በኋላ እንመለስበታለን። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ንብረት ነው ሲል፣ በቀጣዩ አንቀጽ 41 ደግሞ ማንኛውም ዜጋ በአገሪቱ ውስጥ በመረጠው ሥራ ተሰማርቶ የመተዳደር መብት እንዳለው ይናገራል። ሁለቱ አንቀጾች በመጽሐፉ ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው፤ ጎዳና ላይ ግን ፊት ለፊት ይጋጠማሉ። የከተማ ደንብ የሚባለው ነገር በሁለቱ መካከል ሆኖ የሚዳኝ መሆን ነበረበት።

ይህ ዳኝነት በተግባር እንዴት ይሠራል? በመሠረቱ በመንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ፈቃድ አይጠይቅም። ለጥቂት ጊዜ የሚይዘው፣ ለምሳሌ የሕንፃ መወጣጫ የሚተክል፣ ቧንቧ ለማስገባት የሚቆፍር፣ ድንኳን የሚጥል፣ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጊዜው ይወሰንለታል፤ ያፈረሰውን መልሶ ይሠራል። ለረጅም ጊዜ የሚይዘው፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚተክለው ወይም ሱቅ የሚያቆመው፣ ውል ይገባል፤ ኪራይ ይከፍላል። በዓለም ላይ ያሉ ከተሞች ሁሉ፣ በስም ቢለያዩም፣ ከዚህ ብዙም አይርቁም። ችግሩ ይህ ሥርዓት ጽሕፈት ቤት ለሚያውቅ፣ ማመልከቻ ለሚጽፍ፣ መሐንዲስ ለሚቀጥር ሰው የተሠራ መሆኑ ላይ ነው። በማዳበሪያ ላይ ተቀምጣ አሥር ችብ ጧፍ የምትሸጠው እናት ከሦስቱ በየትኛው ትገባለች? ለማለፍ አልመጣችም፤ ድንኳን አልተከለችም፤ የንግድ ፈቃድ ለማውጣት የቤት ኪራይ ውል ይጠየቃል፤ እሷ የምትከራየው ቤት የላትም። ስለዚህ የሚጠብቃት ማሳደድ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት እንድታስቡ እንለምናችኋለን። አንድ መኪና ለማቆም ወደ 12 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ቦታ ይፈልጋል። በብዙ ጎዳናዎቻችን ላይ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ደረሰኝ እየቆረጡ ከባለ መኪናው በሰዓት ልክ ጥቂት ብር ይሰበስባሉ፤ መልካም ሥራ ነው፤ እነርሱም እንጀራ በልተውበታል። የጧፍ ሻጯ ማዳበሪያ ግን አንድ ካሬ ሜትር ቢሆን ነው። ባለ 12ው ካሬ ሜትር ተከፍሎበት ሕጋዊ ሲሆን፣ ባለ አንዱ ካሬ ሜትር በምን ምክንያት ሊከፈልበት አይችልም? ይህችን እናት ብትጠይቋት ደረሰኝ ያለው ክፍያ ትመርጣለች። ያለ ደረሰኝ የምትከፍለው አንዳንዴ ከዚያ ይበልጣልና።

አሁን ስለ ራሳችን አንድ ነገር እንናገር። ከዓመታት በፊት በአንድ ደብር አካባቢ የሚኖሩ፣ አብዛኞቹ ባል የሞቱባቸው እናቶች በቁጠባ ማኅበር ተደራጅተው ነበር። እኛም የንግድ ሥልጠና ሰጠናቸው፤ የመነሻ ገንዘብ በብድር አቀረብን፤ የሒሳብ አያያዝ አስተማርን። በሪፖርታችን ላይ ይህን ያህል እናቶች ራሳቸውን ችለዋል ብለን ጻፍን። የት ተቀምጠው እንደሚሸጡ ግን አንድም ጊዜ አልጠየቅንም። ከሥልጠናው በኋላ አብዛኞቹ የወጡት ወደ ደብሩ በር ነው፤ ሌላ ወዴት ይወጣሉ?

ከእነርሱ አንዷ፣ ስሟን የማንጠቅሳት፣ በዱቤ ያነሣችውን ጧፍና ሻማ ይዛ በማርያም ዕለት ተቀመጠች። ደንብ አስከባሪው መጣ። የነገረችንን እንዳለ እናስቀምጠዋለን። «ልጄ፣ ዛሬ እኮ ማርያም ናት፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ ብቻ ተወኝ» አለችው። ልጁም «እማማ፣ እኔም አለቃ አለኝ፤ ቶሎ ያንሡ» አላት። እስክታነሣ አልቆየም፤ ሌሎች መጡና ዕቃውን ከነማዳበሪያው በመኪና ጫኑት። የተጻፈ ዝርዝር፣ የተሰጠ ደረሰኝ አልነበረም። ሁለት ቀን ተመላልሳ በሦስተኛው ቀን ሲመለስላት፣ ጧፎቹ ፀሐይ ላይ ውለው ቀልጠው እርስ በርስ ተጣብቀው ነበር። ልጁን አትራገምም። የሰፈሯ ልጅ ነው፤ እሱም በደመወዝ የሚኖር ነው።

የዚህ ታሪክ ሌላ ክፍል ግን እንቅልፍ የሚነሣን ነው። በዚያው ዕለት፣ ከእሷ አሥር ርምጃ በማይርቅ ስፍራ፣ ማቀዝቀዣውንና ወንበሮቹን ያወጣው ባለ ሱቅ ማንም አልነካውም። የንግድ ፈቃዱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሱቁ የማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ የደብሩ ነው። በአጥሩ ዙሪያ ከተሠሩት የኪራይ ሱቆች አንዱ ነው። ከእሷ አራት እጥፍ የሚሆን የእግረኛ መንገድ የያዘው ሰው ኪራይ የሚከፍለው ለእኛው ነበር።

አባቶቻችን እንደሚያውቁት በአጥር ዙሪያ የሚሠሩ ሱቆች ለብዙ አድባራት ዋነኛ የገቢ ምንጭ ናቸው። ለካህናት ደመወዝ፣ ለአብነት ትምህርት ቤት፣ ለነዳያን መርጃ የሚሆነው ከዚያ ነው፤ ይህን የምንነቅፍበት ምክንያት የለንም። የምናከራየው ግን ቤት ነው፤ ከቤቱ ፊት ያለው ንጣፍ የእኛ አይደለም። ተከራያችን ሸራውን ሲዘረጋ፣ ሸቀጡን ሲያወጣ፣ እኛ ዝም ስንል፣ ያልተሰጠንን እያከራየን ነው። በአንዳንድ ስፍራ ደግሞ አጥራችን ራሱ ሲታደስ ግማሽ ሜትር፣ አንድ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቷል። ሌላው ሰው ይህን ቢያደርግ ወሰን ገፋ እንለዋለን።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማችን የተጀመረው የኮሪደር ልማት ብዙውን ነገር ለውጦታል። ስለዚህ ሥራ ስንናገር ሁለቱንም ወገን መናገር ይገባናል። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በእግሩ የሄደ ሰው ልዩነቱን አይክድም፤ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ የመንገድ መብራት፣ የሕዝብ መጸዳጃ ተሠርቷል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ወንድማችን ከዚህ ቀደም በዚያ መንገድ ብቻውን መሄድ አይችልም ነበር። ይህ የድሆች ጥቅም ነው፤ በእግሩ የሚሄደው ድሃ ነውና። በሌላ ወገን ደግሞ በዚያ መንገድ ዳር ኖረው፣ ሠርተው፣ ሸጠው ያደሩ ብዙዎች ተነሥተዋል። ንጹሑ ንጣፍ ላይ ለጉሊቷ እናት የተመደበ ቦታ ስለሌለ፣ ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ገብታለች። ከኮሪደሩ መንገድ ጀርባ ያለው ጠባብ ኮብልስቶን ዛሬ ከቀድሞው የበለጠ ተጨናንቋል። መንገዱ መስፋቱን እንደግፋለን። ከሰፋ በኋላ ግን በስድስት ሜትር ንጣፍ ላይ የአንድ ሜትር ቦታ ለሻጭ መመደብ ውበትን ያጠፋል የሚለውን አንቀበልም። አበባ በሣጥን የተተከለበት ንጣፍ ጧፍ በሣጥን ይዛ የምትቀመጥን ሴት ሊሸከም ይችላል።

በዚህ ረገድ ሌላ አገር የተሞከረ አንድ ነገር እንጥቀስ። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2014 ለጎዳና ላይ ነጋዴዎች ብቻ የተለየ ሕግ አውጥታለች። ሕጉ እያንዳንዱ ከተማ በየአምስት ዓመቱ ነጋዴዎቹን እንዲቆጥር፣ የሚሸጥበትንና የማይሸጥበትን ስፍራ የሚለይ ኮሚቴ እንዲያቋቁም፣ ከኮሚቴው አባላትም የነጋዴዎቹ ተወካዮች ከ40 በመቶ እንዳያንሱ፣ ከእነዚህም ሲሶው ሴቶች እንዲሆኑ ያዝዛል። ቆጠራው ሳይፈጸም ማንም እንዳይነሣ ይከለክላል። ዕቃ ቢያዝ እንኳ ዝርዝሩ ተጽፎ ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ቅጣቱ ሲከፈል የሚበላሸው ዕቃ በዚያው ቀን፣ የማይበላሸው በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ይመለሳል። በብዙ የሕንድ ከተሞች ይህ ሕግ በወረቀት ላይ የቀረ መሆኑን አንደብቅም። ያም ሆኖ ለአንዲት ሎሚ ሻጭ የሎሚዋን ዕድሜ የሚያስብ ሕግ አውጪ መኖሩ አስደንቆናል። የእኛዋ እናት ጧፍ ከእንዲህ ያለ አንቀጽ በታች ቢሆን ኖሮ ባልቀለጠ ነበር።

የውጭውን ይህን ያህል ካልን፣ የራሳችን ባህል ስለ ጎዳና የሚያውቀውን እንመልከት፤ የሚያውቀው ብዙ ነው። በሰፈራችን ሰው ሲሞት ዕድርተኛው ድንኳኑን በመንገዱ ላይ ይተክላል። ባለ መኪናው ሲደርስ ፊቱን አያጠቁርም፤ መሪውን አዙሮ በሌላ በኩል ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜም መኪናውን አቁሞ ገብቶ ያለቅሳል። መንገዱ በሙሉ ተዘግቶ ሳለ ቂም የማይያዝበት ምክንያት ምንድን ነው? ድንኳኑ እንደሚነሣ ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። ሠልስቱ ሲደርስ ይነሣል፤ ካስማው የተተከለበት ጉድጓድ ይደፈናል።

ጥምቀትም እንዲሁ ነው። በጥር 10 ታቦታቱ ከየመንበራቸው ወጥተው ወደ ጃንሜዳና ወደ ሌሎቹ ባሕረ ጥምቀቶች ሲወርዱ ከከተማይቱ ጎዳናዎች ብዙዎቹ በሰው ይሞላሉ። ወጣቶቹ በየሰፈሩ ተደራጅተው መንገዱን ይጠርጋሉ፤ ምንጣፍ ተሸክመው እየሮጡ ያነጥፋሉ፤ ታቦቱ ሲያልፍ ከኋላ ያነሡታል። ከምንጣፉ አንድም ቀን አንዱ «ይህ ስፍራ የእኛ ነው» ብሎ ሲቀር አላየንም። ሰው ሁሉ ያለፈበት ጎዳና ተጠርጎ ለከተማው ይመለሳል። በባህላችን ጎዳናን ለግል ወይም ለማኅበር መያዝ ነውር አይደለም፤ ነውሩ አለመመለስ ነው። የከተማ ደንብ ቦታን በሜትር ይለካል፤ አባቶቻችን ግን ከሜትሩ ይልቅ ጊዜውን ለክተውት ኖረዋል። ሁለቱም መለኪያዎች ያስፈልጉናል ብለን እናምናለን።

ጊዜው ያልተለካ «ጊዜያዊ» ምን እንደሚያመጣ ጃንሜዳ ራሱ አሳይቶናል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ የፒያሳው አትክልት ተራ ለጊዜው ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ምክንያቱ አሳማኝ ነበር፤ የሰው መጨናነቅን ለመቀነስ ነው። ወራት አለፉ፤ ሜዳው በጭቃና በበሰበሰ አትክልት ተሞላ፤ የ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሲቃረብ ሁላችንም ተጨነቅን። ነጋዴዎቹ በመጨረሻ ወደ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛወሩ፤ ሜዳው በብዙ ድካም ጸድቶ በዓሉ ተከበረ። በዚያን ጊዜ የአትክልት ነጋዴዎቹን የወቀሱ ብዙዎች ነበሩ። እነርሱ ግን በታዘዙበት ሄደው በታዘዙበት የተቀመጡ ናቸው፤ ከመጀመሪያው የመነሻቸው ቀን ቢነገራቸውና መድረሻቸው ቢዘጋጅ ኖሮ ያ ሁሉ ጭንቀት ባልመጣ ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከተማውን ወክለን ደንብ ልናወጣ አንችልም፤ በየደጃችን ያለውን ግን ልንጀምር እንችላለን። ከሁሉ አስቀድመን ብንለካ መልካም ነው። አንድ ተሽከርካሪ ወንበር ለማለፍ ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ያስፈልገዋል፤ ሁለት ሲገናኙ 1 ሜትር ከ80። ከደብራችን አጥር ፊት ያለው መንገድ ያን ያህል ነጻ ስፍራ አለው ወይ? ከሌለው የያዘው ማን ነው? መልሱ «ተከራያችን ነው» ከሆነ ነገሩ በእጃችን ነው፤ ውሉ ሲታደስ ከሱቁ ደፍ ውጭ ምንም እንዳያወጣ አንድ አንቀጽ መጨመር ይቻላል። ኪራዩ በጥቂቱ ይቀንስ ይሆናል። መልሱ «አጥራችን ነው» ከሆነ ደግሞ ይከብዳል፤ ሆኖም አጥር በየጊዜው ይታደሳል፤ ሲታደስ ወደ ቦታው መመለስ፣ ቢቻልም አንድ ሜትር ተኩል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ለሻጮችና ለነዳያን መቀመጫ የሚሆን ደረጃ መተው ይቻላል።

ይህን ሐሳብ ባለፈው ጊዜ ለአንድ አባት ስናቀርብ፣ ጌታ በቤተ መቅደስ የሻጮችን ገበታ መገልበጡን አስታውሰው ገሠጹን። ተግሣጻቸውን ተቀብለናል፤ ገበያው ወደ ቅጽሩ ይግባ አላልንም። ከቅጽሩ ውጭ፣ በራሳችን መሬት ላይ፣ ከመንገደኛው ሳይጋፋ ይቀመጥ ነው ያልነው። በነገራችን ላይ፣ ከጧት እስከ ቀትር በደጃችን የሚቀመጡት እናቶች የግቢውን መጸዳጃ እንዳይጠቀሙ የሚከለከሉባቸው አድባራት አሉ። ይህ ምንም ወጪ የማይጠይቅ፣ ቁልፍ ብቻ የሚጠይቅ ጉዳይ ስለሆነ ዛሬውኑ ቢስተካከል ደስ ይለናል።

ከወረዳው ጋር መነጋገርም ይቻላል። በየወሩ የሚነግሡትን በዓላት ዝርዝር፣ ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገውን ሰዓት፣ የሻጮቹን ቁጥርና የሚቀመጡበትን ስፍራ ሰበካ ጉባኤው አስቀድሞ በጽሑፍ ቢያቀርብ፣ ደንብ አስከባሪው ከእማማ ጋር ከሚከራከር ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክራል። ሰዓቱ ሲደርስ ማንሣቱንና መጥረጉን የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ሊያስተባብሩ ይችላሉ፤ ለጥምቀት የሚያደርጉትን ለ21 ለማድረግ አይከብዳቸውም። ወረዳው እሺ ይላል ብለን ቃል አንገባም። ከዚህ ቀደም ስንጠይቅ ግን የያዝነው ደብዳቤ ሜትርም ሰዓትም አልነበረውም፤ ልመና ብቻ ነበረው።

በቁጠባ ማኅበራት ሥራችን ላይም ለውጥ አድርገናል። ከእንግዲህ ለማንኛዋም እናት የመነሻ ብድር ከመስጠታችን በፊት የምትሸጥበት ስፍራ በስም ተጽፎ፣ ከባለ ይዞታው ወይም ከወረዳው ጋር ስምምነት ተደርሶበት ይቀርባል። ሥራውን ያዘገየዋል፤ በሪፖርት ላይ የምናሳየው ቁጥርም ያንሳል።

ክቡራንና ክቡራት፤ ከሻይ ዕረፍት በኋላ በየክፍለ ከተማው ተከፋፍለን እንቀመጣለን። በየጠረጴዛው ላይ የመለኪያ ሜትርና የሥዕል ወረቀት አዘጋጅተናል። እያንዳንዱ ተወካይ የደብሩን የውጭ አጥር፣ በሮቹን፣ የኪራይ ሱቆቹንና ሰው የሚቀመጥባቸውን ስፍራዎች በትዝታው እንዲስል እንጠይቃለን፤ ሜትሩን ይዞ ሄዶ በሚቀጥለው የ21 ማርያም ጧት ከሥዕሉ ጋር ያመሳክረው። ከላይ የነገርናችሁ ደብር ሰበካ ጉባኤ የማቀዝቀዣውን ነገር በመጪው ስብሰባው አጀንዳ አድርጎ ይዞታል። ሰብሳቢው ዛሬ ከመካከላችን ይገኛሉ፤ ያቺ እናትም አሁን በሌላ ደብር በር እንደምትቀመጥ ነግረናቸዋል።